ድንበር አልተሻገረምና ገንዘብ አይገባውም?

ከደሴ ወደ ወልድያ የሚጓዝ መንገደኛ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ እንደሄደ በስተቀኙ ሰፊ ውሃ ያያል። ሹፌሩ ደግ ከሆነ ያቆምለታል። ዓሣ ይበላል፣ ፎቶ ይነሣል፣ «አይ ወሎ!» ብሎ መንገዱን ይቀጥላል። «ውሃው ለምን እንዲህ አረንጓዴ ሆነ?» ብሎ የሚጠይቅ ግን ብዙ የለም።

ሐይቅ ድሮ እንዲህ አልነበረም። ባክስተርና ጎሎቢች የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተሙት ጥናት ጥልቀቱን 88 ሜትር ብለው ሲመዘግቡ ውሃው የጠራ ነበር። ሃያ ዓመት አለፈና ነገሩ ተለወጠ። ኤልሳቤጥ ከበደና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1992 ባወጡት ጽሑፍ ሐይቁ በአልጌ (የትምህርት መጻሕፍት ዋቅላሚ በሚሉት) መወረሩን ለዓለም ነገሩ። በምክንያትነት ከሚነሡት አንዱ በደርግ ዘመን፣ በ1970 ዓ.ም. ገደማ፣ ወደ ሐይቁ የተጨመረው ቆሮሶ ነው። አልጌውን የሚመገቡትን ደቃቅ የውሃ ነፍሳት ዓሣው በላቸው፤ አልጌውም ከልካይ አጣ ነው የሚባለው። ልብ በሉ! ዓሣውን የጨመረው ገበሬው አይደለም። መንግሥት ነው።

አልጌ ሲበዛ ይሞታል፤ ሲሞት ይበሰብሳል፤ ሲበሰብስ የውሃውን ኦክስጅን ይጨርሳል፤ ዓሣው ታፍኖ ይንሳፈፋል። አንዳንዱ ዓይነት ደግሞ ጉበት የሚጎዳ መርዝ ያመነጫል፤ ማፍላትም አያጠፋውም። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ጥናት በቆቃና በሌሎች የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ይህንኑ መርዝ አግኝቷል። ሐይቅ ውስጥ መርዝ አለ እያልን አይደለም። በየወሩ የሚለካ ይኑር ነው የምንለው። ለመለኪያው ደግሞ ገንዘብ ያስፈልጋል።

እንግዲህ ጉዱ እዚህ ላይ ነው። ለውኃ ብክለት ከሚመደበው የዓለም ገንዘብ ዋናው አንዱ ዓለም አቀፉ የአካባቢ ፋሲሊቲ «ዓለም አቀፍ ውኆች» ብሎ የሚያስቀምጠው ነው። መስፈርቱ ውሃው ሁለትና ከዚያ በላይ አገሮች የሚጋሩት እንዲሆን ነው። ሐይቅን ማን ይጋራዋል? የአንከርከሃ ወንዝ ከሐርዲቦ በኩል ይገባል፤ ከሐይቅ ግን የሚወጣ ወንዝ የለም። ሱዳን አይደርስ፣ ግብፅ አይደርስ። ስለዚህ በዚያ መስኮት «አይመለከትህም» ይባላል። ሐይቁን የሚያሳምመው ግን ይኸው መውጫ ማጣቱ አይደለም እንዴ? ማዳበሪያው፣ የታጠበው አፈር፣ የከተማው ቆሻሻ አንዴ ከገባ የት ይሄዳል? እዚያው ይከማቻል። ገንዘብ ያስከለከለው ነገር ራሱ በሽታው ነው።

አንዲት ቃል ምን እንደምታደርግ የዚያ አገር ሰው ከማንም በላይ ያውቃል። ጎረቤት አምባሰል፣ ውጫሌ ላይ፣ በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል አንቀጽ 17 ምን ጣጣ እንዳመጣ ማን ይረሳዋል?

ጣናን አንመቀኝም። እምቦጭ በ2004 ዓ.ም. ከታየ ወዲህ ተዘምቶበታል፣ ማሽን ተገዝቷል፣ ውጭ ያለው ወገን ኪሱን ፈትሿል። ይገባዋል። እምቦጭ ግን በእጅ ይነቀላል፣ ለቴሌቪዥንም ይመቻል። አልጌን ማን ይነቅለዋል? ክልሉ «የጣናና ሌሎች የውሃ አካላት» ብሎ ኤጀንሲ ሲያቋቁም ሐይቅና ሐርዲቦ «ሌሎች» በምትለው ቃል ውስጥ ታጭቀው ቀሩ።

ሀብታሞቹም ደርሶባቸዋል። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2014 የኤሪ ሐይቅ አልጌ የአሜሪካዋን የቶሌዶን ከተማና አካባቢዋን ግማሽ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ለሦስት ቀን ያህል የቧንቧ ውሃ አስከልክሏል። የኦሃዮ ግዛት በኋላ ምን አደረገ? ከ2019 ጀምሮ ከማሳው የሚታጠበውን ፎስፈረስ ለሚቀንስ ገበሬ ይከፍላል። ለገበሬው! የእኛዎቹ ግን የሐይቁን ዳር የሚያርሰውን ሰው በስብሰባ «ራቅ በል» ይሉታል። በምን ይብላ? በጦርነቱ ጊዜ በ2014 ዓ.ም. ቤቱ የተዘረፈ፣ ከዚያም ወዲህ ሰላም ያላየ ሰው ነው።

በ2016 ዓ.ም. የተወካዮች ምክር ቤት ለአረንጓዴ አሻራና ለተጎዳ መሬት ማገገሚያ ልዩ ፈንድ እንዲቋቋም አጽድቋል። ይህ የአገር ገንዘብ ነው፤ ድንበር መሻገርን የሚጠይቅ የውጭ ሕግ የለበትም። እንግዲያው መስፈርቱ ይጻፍልን። ስንት ችግኝ ተተከለ ብቻ ሳይሆን ወደ ውሃው የሚገባው አፈርና ማዳበሪያ በስንት ቀነሰ ተብሎ ይጠየቅ። ዳሩን በሣር ለሚተው ገበሬ ካሣ፣ ለሐይቅ ከተማ የፍሳሽ ማስወገጃ፣ ለወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ መለኪያና ጀልባ ይገባዋል። የሆቴል ዐውደ ጥናትና አበል አይገባውም፤ በእሱ ብዙ ታይቷል።

አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዓመት ያቀኑት የእስጢፋኖስ ገዳም ያኔ ደሴት ላይ ነበር፤ ዛሬ ከየብስ ተያይዟል። የገዳሙ አባቶችም፣ የተሁለደሬ ዓሣ አስጋሪዎችም፣ የአምባሰል ገበሬም ማመልከቻ መጻፍ አያቅታቸውም። የሚቀበላቸው መስኮት የትኛው ነው? ቁጥሩን ይንገሩንና እናትመዋለን።