ሳይጠይቁ ስለ ማጥፋት

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ በየካ ከመገናኛ እስከ ኮተቤ ኮምፒዩተር የሚጠግን ወጣት በመብዛቱ ደስ ይለኛል። የምጣላው ከአንድ ልማድ ጋር ነው፤ እርሱም ሳይጠይቁ ፎርማት ማድረግ ነው።

ከእንጦጦ ግርጌ፥ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ የሚኖሩ አንዲት እናት፥ የሟች ልጃቸው ፎቶግራፍ ያለበት አሮጌ ላፕቶፕ አልነሣ አላቸው። እኔ ተሸክሜ ወደ አንድ ሱቅ ወሰድሁላቸው። ሠራተኛው በሁለት ሰዓት ውስጥ አዲስ ዊንዶውስ ጭኖ እየሣቀ መለሰልኝ። ላፕቶፑ ተነሣ፤ ፎቶግራፉ ግን የለም።

«ቢነግሩኝ ኖሮ!» አለኝ። አለመናገሬ ጥፋቴ ነው፥ አልክድም። ነገር ግን ሐኪም በሽተኛውን ይጠይቃል እንጂ በሽተኛው ሐኪሙን ያስጠነቅቃልን?

ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ተበላሸ ማለት ፋይሉ ጠፋ ማለት አይደለም። ሃርድ ዲስኩን ፈትቶ ከሌላ ኮምፒዩተር ጋር ማገናኘት፥ ወይም በነጻ የሚገኘውን ሊኑክስ ከፍላሽ አስነሥቶ ፋይሉን መገልበጥ ይቻላል። በችኮላ ፎርማት በተደረገ ሃርድ ዲስክ ላይ እንኳ ብዙ ጊዜ የሚፋቀው ማውጫው ብቻ ነውና፥ አዲስ ነገር ካልተጻፈበት ተስፋ አለ። ሰውዬው ግን ዊንዶውሱን በላዩ ጻፈበት።

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ በጥቅምት 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ስለዚህ ሲስተም ለማስቀየር ወደ ሱቅ የሚመጣው ሰው ገና ብዙ ነው።

«ወረፋው ረጅም ነው፥ ለመገልበጥ ማን ይከፍለናል?» ይሉኛል። እኔ እከፍል ነበር፤ የጠየቀኝ ግን የለም።