መድኃኒቱ ሌላ፣ ተሸካሚው ሌላ

ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ እኛ ጎረቤታሞቹም ተበታተንን። እኔ ቂርቆስ ቤት ተከራየሁ፤ አብዛኞቹ ወደ ኮንዶሚኒየም ገቡ። ቡናችንን ግን አልተውነውም፤ በወር አንድ እሑድ በየተራ እንጠራራለን። ባለፈው ወር ተራው የእኔ ነበር። አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሲቀዳ አንዷ ጎረቤቴ ስልኳን አቀበለችኝ። ታናሽ እህቷ የጡት ካንሰር ይዟት ኬሞቴራፒ እየወሰደች ነው። ሁለተኛውን ዙር ጨርሳለች። ጸጉሯ ረግፏል፤ የበላችውም አይረጋላትም።

ስልኩ ላይ ያለው ጽሑፍ “ከተፈጥሮ ስኳር የተሠሩ ናኖ ቅንጣቶች ካንሰሩን ብቻ ለይተው ያጠፋሉ” ይላል። ከሥሩ አንድ ነጋዴ “የተፈጥሮ ናኖ” ያለውን ዱቄት በጣሳ ይሸጣል።

“አንቺ ፋርማሲስት ነሽ፤ እስቲ ንገሪኝ” አለችኝ ጎረቤቴ። “የተፈጥሮ ከሆነ አይጎዳትም አይደል? ሦስተኛውን ዙር ትታ ይህን ብትሞክር ምን አለበት?”

ጥያቄው የእሷ ብቻ ስላልሆነ ለእሷ የመለስኩላትን ለእናንተም ላካፍላችሁ።

ጽሑፉ ላይ ያለው “የተፈጥሮ ስኳር” በሳይንሱ ስሙ ፖሊሳካራይድ ይባላል። ስሙ ከበድ ይበል እንጂ ነገሩ ከጓዳችን አይጠፋም። የስኳር ቅንጣቶች እንደ መቁጠሪያ ተሰካክተው የሚሠሩት ረጅም ሰንሰለት ነው። ለአራስ ገንፎ የምናደርገው ቡላ በአብዛኛው ይኸው ነው። ከግራር የሚንጠባጠበው ሙጫም፣ ከሽሪምፕ ቅርፊት የሚወጣው ካይቶሳንም እንዲሁ። ፊት ክሬም ላይ ስሙን የምታነቡት ሃያሉሮኒክ አሲድም ከዚሁ ቤተሰብ ነው፤ በራሳችን ቆዳና መገጣጠሚያ ውስጥም ይገኛል።

ተመራማሪዎቹ እነዚህን የፈለጓቸው ካንሰርን በራሳቸው እንዲያድኑ ሳይሆን መድኃኒት እንዲሸከሙ ነው። የኬሞቴራፒ መድኃኒት በደም ሥር ገብቶ መላ ሰውነትን ያዳርሳል። ቶሎ ቶሎ የሚራቡ ሕዋሳትን ስለሚመታ ካንሰሩን ሲያጠቃ የጸጉርን ሥር፣ የአፍና የአንጀትን ሽፋን፣ ደም የሚሠራበትን መቅኒም አብሮ ይነካል። ዶክሶሩቢሲን የተባለው መድኃኒት ልብን ሊጎዳ ይችላል። ፓክሊታክሰል ደግሞ በውሃ ስለማይሟሟ የሚቀላቀልበት ማሟሟቻ ራሱ አለርጂ ያስነሳል።

መፍትሔ ተብሎ የታሰበው መድኃኒቱን በጣም ትንሽ በሆነ ተሸካሚ ውስጥ መጠቅለል ነው። አንድ ሚሊሜትር ለአንድ ሚሊዮን ሲከፈል አንድ ናኖሜትር ይሆናል። የጸጉር ውፍረት 80,000 ናኖሜትር ገደማ ሲሆን፣ ብዙዎቹ ተሸካሚዎች ግን ከ200 ናኖሜትር በታች ናቸው። ዕጢ በጥድፊያ የሚያበቅላቸው የደም ሥሮች ቀዳዳ ስለሚበዛባቸው ትንንሾቹ ቅንጣቶች በዚያ ሾልከው ዕጢው ውስጥ ይጠራቀማሉ። ይህን የጃፓን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1986 አሳይተዋል። ሃያሉሮኒክ አሲድ ደግሞ በብዙ የካንሰር ሕዋሳት ላይ በብዛት ከሚገኝ ተቀባይ ጋር ስለሚጣበቅ አድራሻ እንደተጻፈበት ፖስታ ያገለግላል ተብሎ ተስፋ ተጥሎበታል።

ሐሳቡ ከወረቀት ያለፈ ነው። በስብ ከረጢት የተጠቀለለ ዶክሶሩቢሲን እ.ኤ.አ. በ1995፣ አልቡሚን ከተባለ ፕሮቲን ጋር የተያያዘ ፓክሊታክሰል በ2005 አሜሪካ ውስጥ ተፈቅደዋል። የመጀመሪያው ልብ ላይ የሚደርሰውን ጉዳት ቀንሷል። ነገር ግን ሁለቱም ከተፈጥሮ ፖሊሳካራይድ የተሠሩ አይደሉም። ዴክስትራን የተባለው ፖሊሳካራይድ አይረን ተሸክሞ ለደም ማነስ በመርፌ ሲሰጥ አሥርት ዓመታት አስቆጥሯል። ካንሰር ላይ ግን አብዛኛው የፖሊሳካራይድ ናኖ ሥራ ገና በላቦራቶሪና በአይጥ ሙከራ ደረጃ ነው። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የአሥር ዓመት የእንስሳት ጥናቶችን ሰብስበው እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጡት ግምገማ፣ በመርፌ ከተሰጠው ናኖ ቅንጣት ዕጢው ጋ የሚደርሰው መካከለኛ መጠን 0.7 በመቶ ብቻ ነበር። “ካንሰሩን ብቻ ለይቶ” የሚለው አባባል ከዚህ በጣም የራቀ ነው።

በአገራችንም የተጀመረ ነገር አለ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ጽጌ ገብረማርያም ከጀርመናዊ ባልደረባቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት ጥናት የእንሰት ስታርች ለእንክብል ማያያዣነት እንደሚያገለግል አሳይተዋል። እዚህም ላይ እንሰቱ በሽታውን አያክምም፤ የሚያክመውን መድኃኒት ያያይዛል እንጂ።

ለጎረቤቴ ያልኳት ዋናው ነገር ይህ ነው፦ ምርምሩ ነገ ቢሳካ እንኳ በተፈጥሮው ቅንጣት ውስጥ የሚገባው ያው እህቷ የምትፈራው የኬሞ መድኃኒት ነው። መድኃኒት ያልጫነ ተሸካሚ ባዶ ጋሪ ማለት ነው። በማንኪያ የሚወሰድ ስታርችማ ሆድ ውስጥ ተፈጭቶ ስኳር ይሆናል። ጣሳው ውስጥ ምን እንዳለ ደግሞ እኔም አላውቅም፤ አንዳንድ ቅጠላ ቅጠል ጉበት መድኃኒቱን የሚያስወግድበትን መንገድ ያዛባል። “ተፈጥሮ” የሚለው ቃል ለዚህ ዋስትና አይሆንም።

እህቷን ዛሬ የሚረዷት ነገሮች ግን አሉ። ማስታወክን የሚከላከሉ መድኃኒቶች አሉ፤ አንዱ ካልሠራ ሐኪሙ በሌላ ይለውጠዋል፤ ስለዚህ ዝም ብላ አትቻለው። ቤት ውስጥ ቴርሞሜትር ይኑር፤ በኬሞ ወቅት ትኩሳቷ 38 ዲግሪ ከደረሰ ነጭ የደም ሕዋሷ ቀንሶ ኢንፌክሽን ገብቶባት ሊሆን ስለሚችል ሌሊትም ቢሆን ሳይነጋ ሆስፒታል ትሂድ። ዱቄትም ይሁን ሥራሥር መውሰድ ከፈለገች አስቀድማ ለሐኪሟ ታሳይ። ጸጉሯም ሕክምናው ሲያልቅ አብዛኛውን ጊዜ ተመልሶ ይበቅላል።

በረካው ሳይቀዳ ጎረቤቴ ለእህቷ ደወለች። ሦስተኛው ዙር በተቀጠረበት ቀን አብረው ሄዱ፤ ስለ ማስታወኩም ለሐኪሙ ነገሩት፤ መድኃኒቱ ተለወጠላት። በሚቀጥለው እሑድ ቡናው እሷ ቤት ነው፤ እህቷም ከቻለች ትመጣለች።

ቸር እንሰንብት።