«የላከኝ ሰው አለ»

የባንኮቻችን ጠቅላላ ጉባኤ ሲቃረብ ስልክ ይበዛል። ውክልና ይሰበሰባል፤ «የኛው ልጅ ነው፣ ድምፅ እንዳትነፍጉት» ይባላል። ጥሪው በአገር ልጅነት፣ በመርካቶ ጉርብትና ወይም በዝምድና ይመጣል። እንዲህ የተመረጠ ሰው ቦርድ ገብቶ ራሱን እንደ መልእክተኛ ቢቆጥር ምን ይገርማል?

ነገሩ ሥር አለው። ከደርግ ውድቀት በኋላ የመጀመሪያው የግል ባንክ አዋሽ በ1987 ዓ.ም. ሲቋቋም ያዋጡት 486 ሰዎች ነበሩ። ኋላ የመጡትም ብዙዎቹ አክሲዮን የሸጡት በትውውቅና በመተማመን ነው። ስለዚህ የቦርድ አባልን «ከየት እንደመጣህ እርሳ» ማለት ውለታ ቢስነት ይሆናል፤ ደግሞም አይረሳም።

ጉዳቱ የሚታየው አጀንዳው ላይ ነው። የተበላሸ ብድር ሪፖርት ሲቀርብ ወረቀት ይገለባበጣል፣ «ይለፍ» ይባላል። «አዲስ ቅርንጫፍ የት ይከፈት?» ሲባል ግን አንገቱን ደፍቶ የቆየው ሁሉ ይነቃል፤ የትውልድ ከተማው ከዝርዝሩ የቀረችበት አባል ሰዓት ሙሉ ይሟገታል። አጠገቡ የተቀመጠው የቀድሞ ሥራ አስኪያጅ ደግሞ ዛሬም ሥራ አስኪያጅ ነው፤ የባንኩን ፕሬዚዳንት በአንድ ሠራተኛ ዝውውር ያፋጥጣል። የሚጋርደን ብሔር ብቻ አይደለም፣ የሙያ ኩራትም ነው። እኔስ ይኼኛውን የበለጠ እፈራዋለሁ፤ ዕውቀት መስሎ ስለሚመጣ ማንም አይደፍረውም።

የ1952ቱ የንግድ ሕግ ቦርድ መግባትን ለባለአክሲዮን ብቻ የፈቀደ ነበር፤ የ2013ቱ ለሌላም ሰው በር ከፍቷል። ብሔራዊ ባንክም ተፅዕኖ ፈጣሪ ላልሆኑ ባለአክሲዮኖች የቦርድ ቦታ አስጠብቋል። ደግ ነው። ባንክ ውስጥ ያለው አብዛኛው ገንዘብ ግን የባለአክሲዮን ሳይሆን የአስቀማጭ ነው። ጉሊት ቸርችራ ለልጇ ትምህርት ቤት ክፍያ የምታጠራቅመው እናት ስልክ ደውላ ያስመረጠችው ሰው የለም። ያ «ይለፍ» የተባለው ሪፖርት የሚያወራው ስለእሷ ገንዘብ ሆኖ ሳለ፣ ጠረጴዛው ዙሪያ «እኔ የእሷ ሰው ነኝ» የሚል አይገኝም።

አሁን አዋጅ ቁጥር 1360/2017 ለውጭ ባንኮች መግቢያ ሰጥቷል፤ ቅርንጫፍ በመሻማት የሚያልፍ ስብሰባ ዋጋ የሚያስከፍልበት ጊዜ እየመጣ ነው። አስመራጭ ኮሚቴዎች ከእጩ የትምህርት ማስረጃና የሥራ ልምድ ይጠይቃሉ። እኔ ብሆን አንድ የብድር ሪፖርት ሰጥቼው፣ ምን እንዳየበት ጉባኤው ፊት እንዲናገር አደርግ ነበር። የማን ልጅ እንደሆነ ከዚያ በኋላ ይነግረናል።