መሬቱን የዘለለ እርሳስ

ባለፈው የትምህርት ዓመት መጨረሻ የሕንፃ ጥበብ ተማሪዎች የመመረቂያ ሥራቸውን በአዳራሽ ሰቅለው ሲያሳዩ፥ እኛም የሌላ ክፍል ተማሪዎች ብንሆን ጓደኞቻችንን «እንኳን ደስ ያላችሁ» ለማለት ሄደን ነበር። ሥዕሎቹ ያማሩ ናቸው፤ ስንት ሌሊት እንቅልፍ እንደታጣባቸው ከባለቤቶቹ ዓይን መቅላት ይታወቃል። ነገር ግን ከአንዱ ወደ ሌላው እየተዘዋወርን ስንመለከት አንድ ነገር ገረመን፤ ይኸውም ሕንፃው ሁሉ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ በማስመሪያ በተሰመረ ለጥ ያለ መስመር ላይ መቆሙ ነው። ከአዳራሹ ወጥተን ታክሲ ወደምንይዝበት ስንሄድ ግን አንድ ዳገት ወጣን፥ አንድ ቁልቁለት ወረድን፥ አንድ ወንዝም በድልድይ ተሻገርን። እንግዲህ ያ ለጥ ያለ መስመር በአዲስ አበባ ከወዴት ተገኘ?

አንድ ተማሪ ብቻ በማስመሪያ አልጀመረም። የሣለው የገደል አፋፍ ነው፤ ከአፋፉም እስከ ወንዙ ድረስ እንደ እርከን የሚወርዱ ቤቶችን አኑሯል። የአንዱ ቤት ጣራ ለላይኛው ቤት ጓሮ ይሆናል፥ የጀርባው ክፍል ግማሹ አፈር ውስጥ ገብቶ ብርድ ይከላከላል፥ የዝናቡም ውሃ በየቤቱ ሥር በተተወለት መንገድ እየወረደ ወንዙን ይቀላቀላል። እንከን የለበትም አንልም፤ በክረምት ወንዙ ሲሞላ የታችኛው እርከን ምን እንደሚሆን አላሳየም። ይህን የጠየቀው ግን አልነበረም። ከፈታኞቹ አንዱ «ለመሆኑ ይህን ማን ይሠራዋል?» ቢሉ አዳራሹ ሳቀ፤ ልጁም እንደ ጥፋተኛ አንገቱን ደፋ። ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያነሣሣን ያ ሳቅ ነው።

የማይሠራ ሕንፃ መሣል ሥራ ፈትነት ነውን? ነገሩ አዲስ ስላልሆነ የቀደሙትን መጠየቅ ይገባል። (ዓመቶቹን፥ ዓ.ም ካላልን በቀር፥ በአውሮፓ አቆጣጠር እንጠራቸዋለን።) በአንደኛው የዓለም ጦርነት፥ የአውሮፓ ወጣት በየምሽጉ ሲያልቅ፥ ብሩኖ ታውት የተባለ ጀርመናዊ የሕንፃ ባለሙያ በአልፕስ ተራሮች ጫፍ ላይ የሚያበሩ የብርጭቆ ቤቶችን ይሥል ነበር። ሥዕሎቹም 30 ሆነው በ1919 «የአልፕስ የሕንፃ ጥበብ» በሚል ስም ታተሙ። አንዱም አልተሠራም፤ ይሠራልም ብሎ የጠበቀ ብዙ ሰው አልነበረም። አሳቡ ግን ግልጽ ነው፤ ሕዝቦች ለመተላለቅ የሚያፈሱትን ጉልበትና ሀብት ለሌላ ታላቅ ነገር ቢያውሉት ምን ሊደርሱ እንደሚችሉ በዓይን ማሳየት ነው። የተራራውን ጫፍ እንደ ዕንቍ ልጠርበው ማለቱን እኛ አንወድለትም፤ ተራራ ያለ ሰው እጅም ያምራል። ሆኖም ታውት እርሳሱን ሲያነሣ ከፊቱ ያለው ተራራ ነበር፥ በዚህም የሣለው ሕንፃ ከዚያ ተራራ ተነቅሎ ሌላ ስፍራ ሊተከል አይችልም።

ሁለተኛው ሥዕል የእኛው ጉዳይ ነው። በ1936፥ ይኸውም ጣሊያን አዲስ አበባን በያዘበት ዓመት፥ እስከ ዛሬ በየሕንፃ ትምህርት ቤቱ ስሙ በአክብሮት የሚጠራው ሌ ኮርቡዚዬ ለአዲስ አበባ አንድ ንድፍ ሣለ፤ ለሙሶሊኒ መንግሥትም አቀረበ። ማንም አላዘዘውም። አገራችንንም ረግጦ አያውቅም። ንድፉ ሲታይ አንድ ሰፊና ቀጥ ያለ አውራ ጎዳና ከተማውን ሰንጥቆ ያልፋል፤ የነበሩት ሰፈሮች፥ የነበሩት መንገዶች፥ የነበረው ሕዝብ በወረቀቱ ላይ የሉም። ኮረብታና ሸለቆውም ቢሆን መስመሩን ለማጠፍ የሚያህል ክብር አላገኘም። እንዲህ ያለው ሰው ዕውቀት ጐደለው ለማለት አንችልም፤ ዕውቀቱ የዓለም ምስክር አለው። የጐደለው ሌላ ነው፤ መሬቱን ባዶ አድርጎ ስለ ጀመረ በላዩ የቈሙትን ቤቶች ማየት አልተቻለውም።

ንድፉ ከወረቀት አልወረደም። ይሁን እንጂ ከጥቂት ወራት በኋላ፥ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም ጀምሮ በነበሩት ሦስት ቀናት፥ የዚችው ከተማ ሕዝብ ሲጨፈጨፍ ጎጆዎቹ በእሳት ጋዩ። አንዱ ለሌላው ምክንያት ነበር አንልም። ነገር ግን «እዚህ ስፍራ ምንም የለም» ብሎ የሚጀምር ወረቀትና «እዚህ ስፍራ ምንም እንዳይኖር» ብሎ የሚለኰስ እሳት በአንድ ዘመን፥ ለአንድ ገዥ፥ በአንድ ከተማ ላይ መዋላቸውን ማንም የሕንፃ ተማሪ ሳያውቅ ሊመረቅ አይገባውም። ሥራውን የተቀበሉት ጊዲና ቫሌ የተባሉ ጣሊያኖችም ፕላናቸውን ያቆሙት ነጩን ከአገሬው ለይቶ በማስፈር ላይ ነው፤ የዛሬው መርካቶም በዚያ ዘመን ገበያው ከአራዳ ወደ ምዕራብ እንዲገፋ በመደረጉ የተገኘ መሆኑ ይታወቃል።

እስቲ እርሳሱ የዘለለውን መሬት እንመልከተው። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ አቃቂ ዘንድ ሲደረስ ወደ 2,100 ሜትር ግድም ይወረዳል። በአንድ ከተማ ውስጥ ይህን ያህል ቁልቁለት! ቀበና፥ ቀጨኔ፥ ባንቲ ይቀጡ መሬቱን እየሸነሸኑት ይወርዳሉ። ከተማዪቱ ስትቆረቆር የምኒልክ ግቢ አንዱን ኮረብታ ያዘ፤ መሳፍንቱና መኳንንቱም እያንዳንዳቸው በየጉብታው ሠፈሩ፥ በመካከላቸው ሸለቆው ቀረ። ሰፈር የሚለው ስም ራሱ የዚያ አሰፋፈር ልጅ ነው። ፕላን የሣለ ባለሙያ አልነበረም፤ ነገር ግን ጉብታው ለቤት፥ ሸለቆው ለውሃ መሆኑን ማንም አላጣውም። ዛሬ ሐምሌ ላይ ጎርፍ የሰው ቤት በሚገባበት ጊዜ «ወንዙ መጣብን» እንላለን፤ እርግጡን ለመናገር ግን ወደ ወንዙ የሄድነው እኛ ነን።

ሌ ኮርቡዚዬ ንድፉን ከሣለ ከ33 ዓመት በኋላ፥ በ1969፥ የሕንፃ ትምህርታቸውን ከጨረሱ ብዙ ያልቆዩ የፍሎረንስ ወጣቶች ያን ዓይነቱን ቀጥ ያለ መስመር መልሰው ሣሉት። ሱፐርስቱዲዮ ይባላሉ። በሥዕላቸው መስመር መስመር የተሰመረበት አንድ ነጭ ሕንፃ በረሃውን፥ ባሕሩን፥ ከተማውን ሳይል ምድርን ሁሉ እየዞረ ያልፋል፤ ስሙንም «የማያቋርጥ ሐውልት» አሉት። አይቶ «እንሥራው» የሚል ሰው ቢገኝ ያፍሩ ነበር፤ የሣሉት ሊያስጠነቅቁ ነውና። መስመራችሁን እስከ መጨረሻው ብትከተሉት የምትደርሱበት ይህ ነው ማለታቸው ነበር። አስቡት እንግዲህ፤ ማንም የማይሠራው ሥዕል፥ የሚሠሩት ሰዎች ያላዩትን አሳየ። ለእነዚያ ወጣቶች «ይህን ማን ይሠራዋል?» ብሎ መሳቅ ቀልዱን አለመስማት ነው።

«አገሩ የቤት ችግር አለበት፤ ሕልም የምንሥልበት ጊዜ አይደለም» የሚሉን አሉ። ችግሩን እኛም እናውቀዋለን፤ ግማሾቻችን በደባልነት ተከራይተን ነው የምንማረው። ግን በየግንባታው ቆርቆሮ አጥር ላይ የሚለጠፈውን በኮምፒዩተር የተሠራ ሥዕል አስተውሉ። ሰማዩ ደመና የለውም፥ መንገዱ ጭቃ የለውም፥ በየበረንዳው የበቀለው ዛፍ ሥሩ የሚያርፍበት አፈር የለውም፥ ከጎኑ ያለው ሰፈርም በአረንጓዴ ቀለም ተሸፍኗል። ይህ ሕልም አይደለምን? ልዩነቱ ይህኛውን የሚከፍልለት መገኘቱ ብቻ ነው። ደግሞስ የማይታሰብ የሚባለው ነገር ስንት ጊዜ ነው የተሠራው? በላሊበላ አንድ ሰው ተነሥቶ «12 ሜትር ያህል ወደ ታች ቆፍሬ ከአንድ አለት ቤተ ክርስቲያን አወጣለሁ፤ ከጣራው ጀምሬ ወደ መሠረቱ እወርዳለሁ» የሚል ሥዕል በፈታኞች ፊት ቢሰቅል ምን ይባል እንደነበር መገመት አያዳግትም። ቤተ ጊዮርጊስን ከአለቱ ለይቶ መሣል አይቻልም። እንዲህ ያለ ነገር በአገሩ እያለ ለጥ ያለ መስመር ከሌላ መዋስ ምን ይባላል?

በበኩላችን የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። የማንኛውም የመመረቂያ ሥራ የመጀመሪያው ወረቀት የመሬቱ ሥዕል ይሁን፤ ዳገቱ፥ የውሃው መውረጃ፥ ዛፉ፥ በላዩ የሚኖረውም ሰው ከነደጃፉ ይታይበት። ተማሪዎቹ ሴክሽን የሚሉት፥ ሕንፃውን እንደ ዳቦ ቆርጦ ውስጡን የሚያሳየው ሥዕል፥ ቢላዋው ወለሉ ላይ አይቁም፤ አፈሩንም ይቁረጥ። ቦታውንም በጥር ብቻ ሳይሆን በነሐሴ ጫማ አውልቆ መጐብኘት ይገባል። ፈታኞችም «ማን ይሠራዋል?» ከማለታቸው በፊት «ውሃው ወዴት ይሄዳል?» ብለው ይጠይቁ፤ ይህ ጥያቄ ጓደኛችንንም ባልራራለት ነበር፥ ነገር ግን የሚያስተምረው በሆነ።

ያ ጓደኛችን ሥዕሉን ጠቅልሎ ወደ ቤቱ ወስዶታል ሲሉ ሰምተናል። በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት፥ ከማባዣው መኪና በላይ፥ አንድ ባዶ ግድግዳ አለ። መስኮቱ ወደ ወንዙ ነው። የታችኛውን እርከን አስተካክሎ ያምጣልን፤ ሚስማሩ ከእኛ ነው።