የወንድነት ዱቄት

በዚህ መጽሔት ስለ ፖለቲካም ስለ ምግብ ቤታችን ወጥም ብዙ ተጽፏል። እኔ ግን በየመኝታ ክፍላችን የምንንሾካሾክበትን፣ በአደባባይ ሲነሣ የምናፍርበትን ነገር ላነሣ ነው፤ ይኸውም ቴስቶስተሮን ስለሚባለው የወንድ ሆርሞን ነው። የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ምን አግብቶት የሚል ወንድም ቢኖር፣ የባላገር ልጅ ነኝና ያገባኛል።

በሐይቅና በአምባሰል ያደገ ሰው ይህን ትምህርት ከብት ሲጠብቅ ተምሮታል። ኮርማ ሲኮላሽ ቁጣው ይበርዳል፣ ላም መከተሉን ይተዋል፣ ለቀንበር ይገራል። ፍየሉንም ሙክት የሚያደርገው ይኸው ነው። አባቶቻችን ስሙን አያውቁት እንጂ ሥራውን ያውቁታል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1849 በርቶልድ የተባለ ጀርመናዊ የአውራ ዶሮ ፍሬ አውጥቶ በሆዱ ውስጥ መልሶ ቢያኖረው፣ ዶሮው እንደ ወትሮው ጮኸ፣ ተዋጋም። ትእዛዙ በደም እንደሚሄድ ያን ጊዜ ታየ። ቴስቶስተሮን የሚለው ስም የወጣለት ግን በ1935 ነው።

ባለፈው ክረምት ሐይቅ በወረድሁ ጊዜ አንድ አብሮ አደጌ በስልክ ማስታወቂያ አይቶ የገዛውን የቆርቆሮ ዱቄት አሳየኝ። «ወንድነትን ይጨምራል» ይላል። ልጁ ገና 23 ዓመቱ ነው። ምን ጎደለብህ ብለው «ድካም» አለኝ። ማታ ማታ ጫት ይዞ እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ይቀመጣል፤ በአሥራ ሁለት ሰዓት ለሥራ ይነሣል። ታዲያ እንዴት አይደክመው!

ይህ ሆርሞን በእንቅልፍ ጊዜ እየጨመረ ሄዶ ጧት ከፍ ይላል፣ ወደ ማታ ይቀንሳል። በ2011 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ 10 ጤነኛ ወጣቶች ለ8 ሌሊት 5 ሰዓት ብቻ እንዲተኙ ቢደረግ፣ የቀኑ መጠናቸው ከ10 እስከ 15 በመቶ ወረደ። ከፈተና በፊት ሌሊቱን በሙሉ የምንቀመጥ እኛስ?

ከዱቄቱ ይልቅ የሚያስፈራኝ መርፌው ነው። ጡንቻ ለማውጣት ሲሉ የሚወጉት አሉ። ሆርሞኑ ከውጭ ሲገባ አንጎል በቂ አለ ብሎ ለፍሬው የሚልከውን ትእዛዝ ያቋርጣል፤ ፍሬው ይሟሽሻል፣ ዘሩም ይቀንሳል ወይም ጨርሶ ይጠፋል። መርፌው ከቆመ በኋላ እስኪመለስ ብዙ ወራት ይፈጃል። እንግዲህ ወንድነት ፍለጋ የሄደው ሰው ራሱን በገዛ ገንዘቡ አኮላሸ ማለት ነው። በኛ አገር ደግሞ ልጅ ሲጠፋ መካን የምትባለው፣ ጠበል ለጠበል የምትንከራተተው፣ በመጨረሻም የምትፈታው ሚስቲቱ ናት። እርሱን መርምሩት የሚል ሽማግሌ እስካሁን አላጋጠመኝም።

በእውነት የጎደለበት ሰው የለም አልልም። የአሜሪካ የዩሮሎጂ ሐኪሞች ማኅበር ምልክት ያለው ሰው በ2 የተለያዩ ጧቶች ደሙ ታይቶ መጠኑ ከ300 ናኖግራም በዴሲሊትር በታች ከሆነ ነው ጎድሏል የሚለው። እንዲህ ያለው ሰው ወደ ሐኪም ይሂድ እንጂ ወደ ስልኩ አይሂድ። የቀረነው መተኛት፣ ቦርጭ አለማብዛት፣ መጠጥ መቀነስ፣ ሸክም ያለበት ሥራ መሥራት ይበቃናል። ስለ ምግብ የሚወራው ተአምር አብዛኛው ወሬ ነው፤ ሽሮውም የሐይቁ ዓሣም ሆድ እስከሞላ ድረስ መልካም ነው።

የተማሪዎች ማኅበራችን አንድ ሐኪም ጋብዞ ወንዶቹን ቢያነጋግርልን ወንበር የማደራጀቱን ሥራ እኔ እወስዳለሁ። ስብሰባው ግን ከምሽቱ ሁለት ሰዓት እንዳያልፍ፤ እንተኛበታለን።