የአምፕሊፋየሩ ዕድሜ ስንት ነው?

ባለፈው እትም ስለ ክፍልፋይ ትምህርት እንቀጥላለን ብለን ቃል ገብተን ነበር። ይቅርታ እየጠየቅን ወደሚቀጥለው እናሸጋግረዋለን። ምክንያቱም ባለፉት ሁለት ሳምንታት ከትንሽ እስከ ትልቅ ሲያነጋግር የከረመ ጉዳይ አለና ዝም ብሎ ማለፍ አልሆነልንም። እሱም ልጆቻችን ከሞያሌ ገበያ የገዙት የጊታር አምፕሊፋየር ነው።

ነገሩን ላልሰማችሁ፣ የወጣቶቹ የሙዚቃ ቡድን ለስድስት ወር ያህል ብር ሲያሰባስብ ነበር። ብር እንላለን እንጂ ሽልንግ ነው፤ አፋችን አልለቀቀም። ሻይ የሚያፈሉ እናቶች ሰጥተዋል፣ ከራሽን ዱቄቱ ላይ ቀንሶ ሸጦ የሰጠ አባትም አለ። በዚህ ዓይነት 18 ሺህ ሽልንግ ሞላና ሦስት ልጆች ተመርጠው ገበያ ወረዱ። አንድ ፌንደር የሚባል የአሜሪካ አምፕሊፋየር ተሸክመው ተመለሱ። ሻጩ «የ2015 ዕቃ ነው፣ ብዙም አልሠራም» ብሏቸዋል። ማስረጃውም ከኋላ የተጻፈው ተከታታይ ቁጥር ነው፤ መሀሉ ላይ 15 የሚል አለበት።

ከዚያ ክርክር ተነሣ። አንዱ ልጅ «2015 በፈረንጅ ነው» ይላል። ሌላው «በእኛ ነው፣ እንግዲያ ገና አዲስ ነው» ይላል። የሁለቱ ልዩነት ሰባት ስምንት ዓመት ስለሆነ ቀላል አይደለም። በመጨረሻ «ቲቸር ይፍረዱን» ብለው ዕቃውን ተሸክመው ቤታችን ድረስ መጡ።

እኛ በመምህራን ማሠልጠኛ የተማርነው ሒሳብና ሳይንስ ነው፤ ሙዚቀኛ አይደለንም። ነገር ግን በወጣትነታችን ከቀበሌ ኪነት ቡድን ጋር ሽቦ ስንጎትት ያደግን ነንና ከእንዲህ ያለ ዕቃ ጋር ትውውቅ አለን። ለልጆቹ መጀመሪያ የነገርናቸው፣ ተከታታይ ቁጥር ማለት የልደት ቀን ማለት እንዳልሆነ ነው። ፋብሪካው ዕቃውን ለመለየት የሚሰጠው የመዝገብ ቁጥር ነው። በትምህርት ቤታችን መዝገብ ተራ ቁጥሩ 15 የሆነ ተማሪ የ15 ዓመት ልጅ ነው አንልም አይደል? አንዳንዱ ፋብሪካ ዓመቱን በቁጥሩ ውስጥ ይከትታል፣ አንዳንዱ አይከትም። በድሮዎቹ ፌንደሮች ላይማ ቁጥሮቹ ቅደም ተከተላቸውን በደንብ ስለማይጠብቁ፣ ዕድሜ የሚያጣሩ ሰዎች ሌላ ምልክት ይፈልጋሉ።

ፌንደር እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ ከኋላ በሚለጠፍ ትንሽ ወረቀት ላይ ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደላት ይጽፍ ነበር። የመጀመሪያው ፊደል ዓመት፣ ሁለተኛው ወር ነው። ኤ 1990፣ ቢ 1991፣ ሲ 1992 እያለ ይሄዳል። ወሩም እንዲሁ፣ ኤ ጃንዋሪ፣ ቢ ፌብሩዋሪ። የእኛ ልጆች ወረቀት አቧራ ጠጥቶ ነበር። በእርጥብ ጨርቅ ቀስ ብለን ስንጠርገው ኤል እና ዲ የሚሉ ፊደላት ወጡ። ትንሿ ልጅ በጣቷ ቆጠረች። ኤል አሥራ ሁለተኛ ፊደል ነው፣ ስለዚህ 2001። ዲ አራተኛ ነው፣ ስለዚህ ኤፕሪል። በእኛ አቆጣጠር ስምንት ሲቀነስ 1993 ዓ.ም.፣ መጋቢት መጨረሻ ወይም ሚያዝያ መሆኑ ነው። «አዲስ» የተባለው ዕቃ ከተሸከሙት ልጆች ሁሉ በዕድሜ ይበልጣል።

ልጆቹ ማመን አቃታቸው። ምስክር ለመጨመር ብለን እስፒከሩን ከኋላ አየነው። ይህን ማወቅ ለሁሉም ይጠቅማልና ትንሽ እናስፋው። የአሜሪካ ፋብሪካዎች በእስፒከር፣ በትራንስፎርመርና በድምጽ መጨመሪያው ቁልፍ ላይ የሚያትሙት የጋራ ኮድ አላቸው። የመጀመሪያዎቹ ቁጥሮች የሠሪው ድርጅት መለያ ናቸው፤ 220 ጄንሰን፣ 67 ኤሚነንስ፣ 465 ኦክስፎርድ፣ 137 ሲቲኤስ ነው። ቀጥሎ ዓመቱ፣ ከዚያ ከዓመቱ ውስጥ ስንተኛው ሳምንት እንደሆነ ይመጣል። የእኛ ላይ 67 ካለ በኋላ 0106 ይላል። ኤሚነንስ፣ 2001፣ ስድስተኛ ሳምንት፤ ፌብሩዋሪ መሆኑ ነው። እስፒከሩ በፌብሩዋሪ ተሠራ፣ አምፕሊፋየሩ በኤፕሪል ተገጣጠመ። ሁለቱ ምስክሮች ተስማሙ።

በድሮዎቹ ላይ ግን ዓመቱ በአንድ ቁጥር ብቻ ስለሚጻፍ መጠንቀቅ ያሻል። 220632 የሚል ብታገኙ የጄንሰን 32ኛ ሳምንት ነው፤ ዓመቱ ግን 1956 ነው ወይስ 1966? ያንን ከሌላው አካሉ ማመሳከር ነው። ደግሞም እስፒከር ተቃጥሎ ይለወጣል። አንድ ክፍል አዲስ ስለሆነ ዕቃው በሙሉ አዲስ ነው ማለት አይቻልም፤ አንድ ክፍል አሮጌ ስለሆነም እንዲሁ። ነገር ግን ዕቃው፣ አብረውት ከተገጠሙት ክፍሎች ከሁሉም ኋላ ከተሠራው ሊቀድም አይችልም። ይህን ለስምንተኛ ክፍሎች እንደ ሎጂክ ጥያቄ ሰጥተናቸው ከግማሽ በላይ አግኝተውታል።

እዚህ ላይ አንድ ወላጅ የተናገሩትን ሳንጠቅስ አናልፍም። «የዕቃውን ልደት እንዲህ ትፈልጋላችሁ፣ የእኛን ማን ፈለገልን?» አሉና ሳቁ። እውነታቸውን ነው። ከመሀላችን ስንቱ ነው በመዝገብ ላይ ጃንዋሪ 1 የተወለደ! ቀኑን በትክክል ያላወቀ ሁሉ ጃንዋሪ 1 ተብሎ ተጽፎለታል። ከእኛ ዘመን ወደ ፈረንጅ ሲመለስ የተሳሳተበትም ሞልቷል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት መደመር እንዳለበት የማያውቅ ጸሐፊ አንድ ዓመት ያሳጣል ወይም ይጨምራል። የልጆቻችሁን ወረቀት ዛሬ ማታ አውጥታችሁ እዩት። ስህተት ካገኛችሁ ይዛችሁ ኑ፤ አብረን እናስላ።

ወደ ዕቃችን እንመለስና፣ ዋናው ነገር ገና አልተነገረም። ወረቀቱን ስንጠርግ ከፊደላቱ ብዙም ሳይርቅ 120 ቮልት፣ 60 ኸርትዝ የሚል ጽሑፍ አየን። የኬንያ መብራት 240 ቮልት ነው፤ የአገራችንም 220። ልጆቹ ደግሞ በዚያው ቅዳሜ ሠርግ ላይ ጄነሬተር ላይ ሊሰኩት ተዘጋጅተዋል። ሶኬቱ የኬንያ ባለ ሦስት ጥርስ ስለሆነ ማንም አልጠረጠረም። ለካ የአሜሪካው ሶኬት ተቆርጦ ሌላ ተተክቶለታል። ሶኬት መለወጥ የመብራቱን ኃይል አይለውጥም! ቢሰኩት ኖሮ ዕድለኛ ከሆንን ፊውዙ ይበጠስ ነበር፤ ካልሆንን ትራንስፎርመሩ ተቃጥሎ የስድስት ወር መዋጮ በጭስ ይሄድ ነበር።

ሁለት ሽማግሌዎች ከልጆቹ ጋር ወደ ገበያ ወረዱ። የሻጩን ስም አንጠቅስም፤ ዕቃው ከአንዱ ደላላ ወደ ሌላው ሲተላለፍ እሱም ሳያውቅ ተቀብሎት ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ ተቆጣ፣ ኋላ ወረቀቱን አብሮ አነበበ። ከብዙ ንግግር በኋላ 4 ሺህ ሽልንግ መለሰ። በእሱም ከ240 ወደ 120 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ተገዛ። በአምፕሊፋየሩ ጀርባ 180 ዋት ይላል፤ ልጆቹ የ100 ዋቱን ርካሽ ሊገዙ ሲሉ ሽማግሌዎቹ ከለከሏቸው። ትራንስፎርመሩ ዕቃው ከሚፈልገው ዋት በላይ መሆን አለበት። የ300ውን ይዘው መጡ።

ዜናው ከተሰማ ወዲህ ደጃችን ገበያ መስሏል። አንድ አባት «በጃንሆይ ጊዜ የነበረውስ እንዴት ይታወቃል?» ብለው ጠይቀውናል። የክብር ዘበኛና የፖሊስ ሠራዊት ኦርኬስትራዎች ሲጫወቱ፣ አስመራ ላይ የአሜሪካኖች የቃኘው ጣቢያ ራዲዮ ሲሰማ፣ በኋላም በ1961 ዓ.ም. አምሃ እሸቴ የራሱን ሸክላ ማሳተም ሲጀምር ያስታውሳሉ። የዚያ ዘመን ፌንደር ከሆነ በሳጥኑ ውስጥ የተለጠፈ ወረቀት ላይ ሁለት ፊደል ይታተምበታል። እዚያ ግን ኤ ማለት 1951 ነው። ኤን እና ኬ ቢል ኖቬምበር 1964፣ በእኛ ኅዳር 1957 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ድርጅቱ በ1965 መጀመሪያ ለሲቢኤስ ተሸጧል፤ ስለዚህ በፊቱ ላይ የተጻፈው የድርጅት ስምም ከዚያ ወዲህ ተለውጧል። በ1962 የጀመረው የእንግሊዙ ማርሻል ደግሞ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ዓመቱን በአንድ ፊደል ያመለክት ነበር፤ ኤን 1981፣ ኤስ 1984። አይ፣ ኦ እና ኪው ተዘለዋልና በጣት የምትቆጥሩ አትሳሳቱ። ከ1997 መጨረሻ ወዲህ የተሠራው ማርሻል ግን አያደክምም፤ ከመጀመሪያው ፊደል ቀጥሎ ዓመቱ በሙሉ ተጽፏል።

ለወላጆች አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። እነዚህ ጽሑፎች ሁሉ ከውጭ ወይም ከሳጥኑ ጀርባ ይነበባሉ። ካቻቢቴ ይዞ የብረቱን ሳጥን የሚፈታ ልጅ ካያችሁ ቶሎ አስቁሙት። ባለ አምፖል አምፕሊፋየር ከሶኬት ተነቅሎም ውስጡ ከ400 ቮልት በላይ ሊያቆይ ይችላል፤ ሰው ይገድላል። ባለ ሁለት ጥርስ የድሮ ገመድ ያለውም መሬት ስለሌለው፣ ጊታር ይዞ ማይክሮፎን ላይ ከንፈሩን ያስጠጋን ልጅ ሊመታው ይችላል። ራዲዮ ጠጋኝ ሳያየው አይሰካ።

ቅዳሜ ሠርጉ ላይ ተሰክቶ ነበር። ጄነሬተሩ ነዳጅ ጨርሶ ሁለት ጊዜ ቢጠፋም አምፕሊፋየሩ እስከ ሌሊቱ አምስት ሰዓት ሠርቷል፤ ጎረቤቶች እንቅልፍ ስላጡ ይቅርታ እንጠይቃለን። ትንሿ ልጅ ኤል እና ዲ የሚሉትን ፊደላት በደብተሯ ጽፋ፣ ከጎኑ የራሷን የልደት ቀን በሁለቱም አቆጣጠር አስልታ አምጥታልናለች። አንድ ቀን ስታለች፤ የጳጉሜን ስድስተኛ ቀን ረስታ ነው።

ክፍልፋዩን በሚቀጥለው እትም። ቸር እንሰንብት።