አባት መኪና ሲገዛ ልጅ ምን ይሥራ?



በዚህ ሰሌዳ ላይ ብዙውን ጊዜ የሚለጠፈው የመዋጮ ማስታወሻና የጽዳት ተራ መሆኑ የታወቀ ነው። ዛሬ ግን ሌላ ጉዳይ ላነሳ ነው። የግል ጉዳይ ይመስላል፤ ነገር ግን በዚህ ዓመት ብቻ ሁለት የሰፈራችን አባቶች ለጡረታቸው ባጠራቀሙትና እቁብ በደረሳቸው ገንዘብ መኪና ገዝተው፣ የአንደኛው መኪና እስከ ዛሬ ድረስ በር ላይ ሸራ ለብሳ ቆማለች፤ የሁለተኛው ደግሞ በተገዛች በሁለት ወሯ ሞተሯ ወርዷል። ሁለቱም አባቶች ለወግ ለማዕረግ የበቁ ልጆች አሏቸው። ስለዚህ አስተያየቴ የሚመለከተው በተለይ ልጆችን ነው።

መኪና ዛሬ እንደ ድሮው አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ከውጭ በሚገቡ አሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ ከኤሌክትሪክ በቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑ ተነገረ። በመሆኑም ገበያ ላይ ያለችው የነዳጅ መኪና ያችው የድሮዋ ናት፤ ከእጅ ወደ እጅ ትዞራለች፣ ቀለም ትቀባለች፣ ወንበሯ ይለብሳል፣ ዋጋዋ ይጨምራል። ሃያ ዓመት የሞላትን ቪትዝ «እንደ አዲስ ናት» እያሉ ሲሸጡ ሰምተናል። እንደ አዲስ የሆነው ቀለሟ ነው።

እንግዲህ ልጆች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ «አባባ፣ እርስዎ ያውቃሉ» ብሎ አባቱን ለደላላ ጥሎ የሚሄድ ነው። ሌላው ደግሞ ሁሉን ወስኖ የሚመጣ ነው። ውጭ አገር ያለው ደግሞ በስልክ ቪዲዮ አይቶ «ቆንጆ ናት፣ ይግዟት» ይላል። ቪዲዮ ሽታ የለውም፤ የተቃጠለ ዘይት በስልክ አይሸትም።

በር ላይ የቆመችውን መኪና የገዙት አባታችን ነገሩ እንዲጻፍ ፈቅደውልኛል፤ ስም ግን አልጠራም። ልጃቸው ስለ መኪና በደንብ የሚያውቅ ሰው ነው። መኪናዋ ስቱኮ የበዛባት መሆኑን ገና ሲያያት አውቋል። ነገር ግን ደላላው፣ ሻጩና ሁለት ሊስትሮዎች ባሉበት «አባባ፣ አንተ ዝም በል፣ ምንም አታውቅም» አላቸው። እሳቸው አርባ ዓመት ያህል ያስተዳደሩት ቤት አላቸው፤ በደላላ ፊት ዝም በል ሲባሉ እልህ ያዛቸውና በማግሥቱ ብቻቸውን ሄደው ቀብዱን ከፈሉ። ለእኔ መኪናዋን የሸጣት ያ ንግግር ነው። ደላላው ምንም አልደከመም።

ስለዚህ መምረጥ የአባት ይሁን፣ መመርመር የልጅ። አባት የፈለጉት ቮልስ ከሆነ ቮልስ ይፈለግ፤ ልጅ «ይቺ ቮልስ ደህና አይደለችም፣ ሌላ እንፈልግ» ማለት ይችላል፤ «ቮልስ ምን ያደርግልሃል» ማለት ግን ሥራው አይደለም። የሚታየው ጉድለት ካለ ደግሞ ፈቀቅ አድርጎ በጆሯቸው መንገር ነው።

ከሁሉ በፊት መኪናዋ ለአባት ሰውነት የምትስማማ መሆኗ ይታይ፤ ይሄን ማንም አያየውም። ጋቢና አስገቧቸውና አሥር ደቂቃ ይቀመጡ። ሲወርዱ በሩን ይዘው ነው የሚነሡት? ጉልበታቸውን የሚያማቸው ከሆነ በመንገድ መጨናነቅ ፍሪሲዮን ስንት ጊዜ እንደሚረገጥ አስቡት። አውቶማቲክ ካምቢዮ ለጉልበት ይሻላል፤ ሲበላሽ ግን የሚሠራው ሰው ጥቂት ነው፣ ወጪውም ይከብዳል። ለቤተ ክርስቲያን በሌሊት የሚወጡ ከሆነም መብራቱን በጨለማ አይቶ መግዛት ነው።

እኔ ከስምንተኛ ክፍል ያላለፍኩ ሰው ነኝ፤ ነገር ግን በወጣትነቴ ታክሲ ላይ ረዳት ሆኜ ብዙ ዓመት ስለሠራሁ ጋራዥ ውስጥ ያየሁትን ልናገር። መኪና ለማየት በጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሣ ሂዱ። ኮፈኑን በእጃችሁ ዳሱት። ሞቆ ከጠበቃችሁ ሻጩ ለምን አሞቀው ብላችሁ ጠይቁ፤ በብርድ ለመነሣት የሚያስቸግር ሞተር ሲሞቅ ዝም ይላል። የዘይት መሙያውን ክዳን ገልብጡት፤ ከሥሩ ማኪያቶ የመሰለ አረፋ ካለ ብዙውን ጊዜ ውሃ ከዘይት ጋር ተቀላቅሏል ማለት ነው። የቴስታታ ጣጣ ነው፤ ተዉት። የራዲያተሩንም ክዳን ቀዝቃዛ ሳለ ክፈቱ፤ ሲሞቅ የነካ ሰው ፊቱን ይቃጠላል። ከዚያ ሞተሩ ይነሣና አንድ ሰው ኋላ ሆኖ ጭሱን ይመልከት። ሰማያዊ ጭስ ዘይት ትበላለች ማለት ነው። በብርድ ጠዋት ትንሽ ነጭ እንፋሎት ያለ ነው፤ ሞተሩ ሞቆም ነጭ ጭስ ካላቆመ ግን ውሃ እያቃጠለ ነው። ጥቁር ከሆነ ቤንዚን በዝቶበታል፤ ይሄ ከሁሉ ይቀላል።

ስለ ላሜራ፦ ትንሽ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልላችሁ በሩና ፓራፋንጎው ላይ አስጠጉ። የማይዝበት ቦታ ስቱኮ ነው። መስታወቶቹ ላይ ያለውን ጽሑፍም አንብቡ፤ አንዱ ከሌሎቹ ከተለየ ተሰብሮ ተቀይሯል። ጎማው ጎን ላይ ደግሞ አራት አኃዝ አለ፤ 2319 የሚል ከሆነ በፈረንጅ አቆጣጠር በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ያላለቀ ጎማም ያረጃል። የኪሎ ሜትር መቁጠሪያው ላይ አትመኩ፤ ወደ ኋላ ይመለሳል። የፍሬን መርገጫው ላስቲክ ከተላጨና መሪው በእጅ ብዛት ከሟለጨ፣ ሰባ ሺህ ብቻ ነድቻታለሁ የሚለውን ሻጭ በዝምታ እለፉት።

ቪትዝ ለምትሹ አንድ ነገር ልጨምር። በጃፓን ቪትዝ በሚል ስም የተሸጠችው መሪዋ በቀኝ ሆኖ ነው። እዚህ በግራ መሪ ከቀረበችላችሁ ወይ መሪው ዞሯል፣ ወይም ስሙ ብቻ ነው የተለጠፈው። መሪው ከዞረ ከዳሽ ቦርዱ ሥር ያለውን ብየዳና የፍሬኑን አያያዝ መካኒክ ተኝቶ ይየው። ይሄ የነፍስ ጉዳይ ነው። አነዳዷንም በሜዳ ብቻ አትሞክሩ። ወደ ሽሮ ሜዳ የሚያወጣውን ዳገት ወጥታችሁ የሙቀቱን ጌጅ እዩ፤ ስትወርዱ ፍሬኑን እዩ፤ ሜዳ ላይ ደግሞ መሪውን ለአፍታ ለቀቅ አድርጋችሁ ወደ አንድ ጎን ትስብ እንደሆነ ተመልከቱ።

መካኒኩን ደላላው እንዲያመጣ አይፈቀድለት። ደላላ የሚበላው መኪና ሲሸጥ ነው፤ እሱ ያመጣው መካኒክም እንደዚያው። የራሳችሁን መካኒክ ውሰዱ፤ ተገዛም አልተገዛም የድካሙን ቀድማችሁ ክፈሉት። ያን ጊዜ «አትግዙ» ለማለት አያፍርም። ደላላው «ፋዘር፣ ይቺ ነገ አትገኝም፣ ሌላ ሰው እየመጣ ነው» ሲል ያ ሌላ ሰው ይግዛት።

ወረቀቱን በሚመለከት፣ ሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከመኪናዋ ላይ ካለው ጋር አኃዝ በአኃዝ ይመሳከር። ቁጥሩ ተፍቆ ወይም ተበይዶ ከሆነ እዚያው ተለያዩ። የባንክ ዕዳ ወይም እገዳ እንዳለባት ፋይሏ ባለበት ጽሕፈት ቤት ሻጩ ባለበት ይጠየቅ። የሚሸጠው በውክልና ከሆነ ወካዩ በሕይወት መኖሩን አረጋግጡ፤ ወካዩ ከሞተ ውክልናው አብሮ ይሞታልና። ውክልና በውክልና ላይ የተደራረበ ከሆነ እኔ ብሆን አልነካውም። ውሉ ላይ «ባለችበት ሁኔታ» የሚል ቃል ካለ ምን ማለት እንደሆነ ለአባታችሁ አንብቡላቸው፤ ብዙዎቹ መነጽር ረስተው ነው የሚፈርሙት።

ሁለት መካኒክ አባሎቻችን መኪና ለሚገዙ አባቶችና እናቶች ቅዳሜ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ጀምሮ በማኅበሩ ግቢ ሊመረምሩ ተስማምተዋል። ክፍያው በቀጥታ ለእነሱ ነው፤ ማኅበሩ አይቀበልም። ክሪክና ማግኔት እዚሁ አለ። የሊብሬውን ፎቶ ኮፒ ይዛችሁ ኑ፤ አባትየውንም አትርሱ፤ ገዢው እሳቸው ናቸው።

የማኅበሩ ጸሐፊ